ከካናዳ የመጣ «አፉ ይበሉን»

ሩዋይዳ አብዱልሃዲ ስትቆጣ የቀወት ሽንኩርት ራሱ ያለቅሳል። ሸዋ ሮቢት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ የሌባ ኢሜይል በማደን ግን ከሞምባሳ እስከ ካይሮ የሚስተካከላት አልተወለደም።

በዚያ ሰሞን «የካናዳ የሥራ ቪዛ ወጥቶልዎታል፤ ማስፈጸሚያ ይላኩ» የሚል ኢሜይል አገሩን እንደ አንበጣ ወረረው። ወንድሟ ኸይረዲን አምኖ ጥንድ በሬዎቹን ሸጦ ላከ። ሩዋይዳ ደብዳቤውን መቶ ጊዜ አነበበችው። መጨረሻው ላይ «ስላዘገየንዎ አፉ ይበሉን» ይላል።

ሳቋ መጣ። ይቅርታን «አፉ» ብሎ የሚለምን ካናዳዊ ከይፋት ቆላ ሌላ የትም አይበቅልም።

«አፉ ብያለሁ» ብላ መለሰች። «ለመሆኑ ካናዳ የየትኛው ወረዳ ነው?»

በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። «ካራቆሬ ነኝ። አብዱልመሊክ እባላለሁ። የሰደበኝ ሺህ ነው፤ ያሳቀኝ አንቺ ብቻ።»

ሁለት ወር ሙሉ የኔትወርኩ ምሰሶ እስኪግል ተጻጻፉ።

«ይህን ሥራ ተወው» አለችው።

«አለቃዬ ሙዐዊያ ይገድለኛል።»

«የአርባ ሺህ ሰው አድራሻ የተቆለፈበትን የይለፍ ቃል አምጣልኝ፤ ሁሉንም ላስጠንቅቅ። ፊትህን የማየው ያን ጊዜ ነው።»

ዓርብ ቀትር ላይ መጠገኛ ሱቋ መጣ። ረዥም፣ ዓይነ አፋር። ተያዩ። ሰላም ሳይባባሉ ሙዐዊያ ከሁለት ጎረምሶች ጋር ሽመል ይዞ ከኋላው ገባ።

የመጀመሪያው ሽመል ትከሻው ላይ ሲያርፍ የጣርማ በር ገደል የተናደ መሰለ። አብዱልመሊክ ግን በእሷና በእነሱ መካከል ተገተረ።

«የይለፍ ቃሉን ልጥራልሽ፤ ጻፊ።»

«ይገድሉሃል።»

«ጻፊ አልኩሽ። እኔን አትዪ።»

በየምቱ አንድ ፊደል ተፋ። ከፊደሉ ጋር ደም፣ በስድስተኛው ላይ ጥርስም። ፊደሉ አሥራ አንድ ነበር። እንባዋ ይወርዳል፤ ጣቷ አንዴም አልሳተ። «ቪዛው ሐሰት ነው፤ ምንም አትላኩ» የሚለው ቃል ለአርባ ሺህ ሰው ሲበር ሙዐዊያ ጩቤ መዘዘ።

ስክሪኑን ከነገመዱ ነቅላ አናቱ ላይ ከሰከሰችበት። ሙዐዊያ እንደ ግንድ ወደቀ። የመናኸሪያው ወያላ ሁሉ ግር ብሎ ገባ፤ በጡብ፣ በወንበር፣ በክርን ሆነ። የዚያን ቀን የተሰበረ አጥንት ቢሰበሰብ ደብረ ሲናን ዙሪያዋን ያጥር ነበር። ፖሊስ ደርሶ እሱን ጨምሮ አራቱንም እስኪያፍስ አብዱልመሊክ ጭኗ ላይ ተኛ።

«ፊቴን ከፈረሰ በኋላ አየሽው» አላት።

«ቆይ፣ ደሙን ልጥረግና በደንብ ልየው።»

ዘጠኝ ወር ታሰረ። ወጥቶ የኸይረዲንን በሬዎች እስኪተካ አንድ ዓመት በሰው ማሳ ላይ ተቃጠለ። ከዚያ ሽማግሌ ላከ።

«ወላሂ፣ ልጄን ለሌባ አልሰጥም» አሉ አባቷ።

ሩዋይዳ ከጓዳ ወጣች። «አባ፣ አሳድጄ የያዝኩት እኔ ነኝ። ልልቀቀው?»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«እንግዲያው» አሉ አባቷ፣ «አጥብቀሽ ያዢው።»