በሙቀት የተተከለው ቱሊፕ

የአበባ ችግኝ ነጋዴው በቀዝቃዛው ክፍል ደጃፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በብረት ተመትቷል። መርማሪው ሲደርስ፣ ሃምሳ አለቃው ሽማግሌውን አትክልተኛ በካቴና አስሮ መኪና ላይ ሊጭነው ነበር።

«አለቀ ጌታዬ! ሐኪሙ በቧንቧ መፍቻ ነው የተመታው ይላል። የዚህ ሰውዬ መፍቻ ደግሞ ከመሣሪያ ሳጥኑ ጠፍቷል። አለቃችንም መዝገቡ ዛሬውኑ ይዘጋ ብለዋል።»

«ቆይ» አለ መርማሪው፤ ግቢውንም ይዞር ጀመር። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «መንኮራኩር» ነው የሚሉት፤ እሱ የሚቀመጥበት ወንበር ገና አልተሠራም። ዓይኑማ አይነሣ! ቁንጫ ከአጥር ማዶ ብታነክስ በየትኛው እግሯ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ከቤቱ መስኮት ሥር አዲስ የተቆፈረ መደብ አየ። በጣቱ ጫር ጫር ሲያደርገው ሽንኩርት የመሰለ የቱሊፕ አበባ ራስ ወጣ፤ ሹሉ ወደ ላይ። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው፣ በገመድ የተለካ ይመስል ተሰድሯል።

«ይህን ማን ተከለው?»

«ሟቹ ራሱ። ትናንት ጧት ሲተክል ወንድሙ አይቶታል» አለ የተከተለው ሃምሳ አለቃ።

መርማሪው ሳሎን ገባ። የሟች ሚስት ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ትመላለሳለች።

«እትዬ፣ ቱሊፕ መቼ ነው የሚተከለው?»

«ባሌ ሞቶ ስለ አበባ ትጠይቀኛለህ? እኔ ምኑን አውቄው! አንዴ ገልብጬ ተክዬበት ስንት ጊዜ ሲስቅብኝ ከረመ። የማውቀው ፍሪጄን እንደነጠቀኝ ነው። ፖም እንኳ አላስገባም ነበር፤ አበባውን ይገድልብኛል ይላል።»

አትክልተኛው ጥያቄውን ሲሰማ እንደታሰረ ሣቀ።

«በዚህ ሙቀት? አፈር ውስጥ ተቀቅሎ ይበሰብሳል እንጂ! የእኛ አገር ብርድ እኮ ለስሙ ነው። የአበባው ራስ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ወራት ይተኛል፤ መሬቱ በርዶ ሲቆይ ነው የሚተከለው። የዘንድሮው ወደዚያ የገባው በቅርቡ ነው። ይልቅ ልጄ፣ እኔን ወኅኒ ልትሰዱኝ ነው?»

የሟች ወንድም በረንዳው ላይ ሲጋራ በሲጋራ ይለኩሳል። በረዶ ከሚጥልበት አገር የመጣው በቅርቡ ነው፤ እዚያም ሥራው አበባ ነው።

«መቼ ይተከላል? አሁን ነዋ! መሬቱ በረዶ ሳይሠራ ሥር መስደድ አለበት። ይህንንም የማያውቅ መርማሪ አለ?»

«አለ» አለ መርማሪው። «ሁላችሁም ወደ መደቡ ኑ።»

ከበው ቆሙ።

«ይህን መደብ ሟቹ አልተከለውም። ዕድሜ ልኩን በዚህ ሙቀት ቱሊፕ ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ ሳያበርድ አይቀብረውም። አትክልተኛውም ያንኑ ያውቃል። ብረት ለመደበቅ ቢቆፍር፣ ባየው ሁሉ ዘንድ የሚያስጠረጥር ነገር አይተክልበትም። እትዬ ደግሞ ብትተክል ግማሹ ራስ ቁልቁል ነበር። የተከለው ሰው እጁ ባለሙያ ነው፤ የሳተው ወቅቱን ብቻ ነው። ሟቹ ሲተክል አየሁ ያለውም አንድ ሰው ነው።»

«ወቅቱ ምን ሆነ?» ጮኸ ወንድምየው። «ስንት ዘመን ስተክል ኖሬ! ይህ መደብ እንከን የለውም!»

«የለውም፤ ለአንተ አገር» አለ መርማሪው። «ቆፍር፣ ሃምሳ አለቃ።»

አካፋው ከብረት ጋር ተጋጨ። መፍቻው ደም እንደነካው ወጣ።

«ምን አደረገህ?» አለች ሚስት በሹክሹክታ።

«የአባታችንን መሬት እንሽጥ ስለው፣ ‹ሂድ ወደ በረዶህ› አለኝ» አለ ወንድምየው፤ እጁንም ዘረጋ።

ካቴናው ከእጅ ወደ እጅ ተዛወረ። አትክልተኛው አንጓውን እያሻሸ ተንበረከከና የተበተኑትን ራሶች በባርኔጣው ይለቅም ጀመር።

«አትንካ! ማስረጃ ነው!» አለ ሃምሳ አለቃው።

«እንግዲያው ማስረጃህን ፍሪጅ ውስጥ ፈልገው» አለና ሽማግሌው ባርኔጣውን ታቅፎ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ገሠገሠ።