ማኅተም ያልተመታበት ፎቶ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የባልደረባዬ ዓይን ከጫማዬ ተነሥቶ ፀጉሬ ላይ ደረሰ።

«የየት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነሽ?»

«የማንም። በስልኬ ነው የተማርኩት። አንተስ፣ ሰው እንዲህ ማየትን የት አስተማሩህ?»

ሳቀ። ወደድኩት፤ ምን ላድርግ!

ሥራችን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚነዛውን ውሸት አድኖ ማጋለጥ ነው። አንድ ሕግ አለን፦ የሐሰት ወሬ የተጻፈበትን ፎቶ ከመለጠፋችን በፊት የሚታየውን ሰው ፊት ሸፍነን «ሐሰት» የሚል ቀይ ማኅተም እንመታበታለን።

አንድ ማክሰኞ፣ ያሳደገኝ ልብስ ሰፊው አጎቴ «ሕፃን ሰራቂ» ተብሎ ተደበደበ። ወሬው በተጻፈበት ፎቶ ላይ ግን የጠፋች ልጅ እጅ ይዞ እናቷን ሲፈልግ ነው የሚታየው። ክንዱን ሰበሩት። ሱቁን እንዳልነበር አደረጉት።

ደሜ ፈላ። ፎቶውን ማን ለማን እንዳቀበለው ሁለት ቀን ወደ ኋላ ተከተልኩት። ወሬውን መጀመሪያ የጻፈው ሰው የለጠፈውን ሦስት ሰው እንኳ አላየውም ነበር። ሺዎች እጅ የገባው ከእኛ ገጽ ነው። የለጠፈው ደግሞ የኔው ሰው!

«‹ይህ እውነት ነው?› ብዬ ጽፌበት ነበር እኮ... ቸኩዬ ነው ማኅተሙን የተውኩት።»

«ጥያቄህን ቆርጠው ጥለው ፎቶውን ነው ያዞሩት! ፊቱን እንኳ አልሸፈንክም!»

«አጎትሽ መሆኑን አላወቅኩም...»

«የሌላ ሰው አጎት ቢሆን ይደብደብ?»

አንገቱን ደፋ። «አለቃችን ፎቶውን በጸጥታ አጥፋው ብሎኛል» አለ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አጥፋው፤ እኔንም አብረህ እርሳኝ። አጎቴ ቀና ብሎ የሚሄድበት ስም ነው የሚፈልገው፤ ያንተ ጸጥታ ምን ይሠራለታል?»

በማግስቱ የተሰባበረው ሱቅ በር ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ሳይሸፍን ቪዲዮ ቀረፀ።

«ፎቶውን ያለ ማኅተም የበተንኩት እኔ ነኝ። እኚህ ሰው የጠፋች ልጅ ለእናቷ ያደረሱ ናቸው።»

ስድቡ ወረደበት። አለቃው አባረረው። ቪዲዮውን ግን ሰፈሩ ሁሉ አየው፤ የልጅቷ እናትም መጥታ መሰከረች።

አጎቴ ክንዱ እንደታሰረ አየት አደረገው። «አንተ ነህ እንዴ ያሰበርከኝ? በል ና፣ ክር አስገባልኝ፤ የተረፈኝ አንድ እጅ ነው።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ እየመጣ ክር አስገባ፣ ቁልፍ ተከለ። እኔ ሰላምታዬን ነፈግኩት።

«አጎትሽ ይቅር ብለውኛል» አለኝ አንድ ቀን።

«እሱ ደግ ነው። እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ንዴቴ ባይበርድስ?»

«ከነንዴትሽ ነው የምፈልግሽ።»

አጎቴ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል ጮኸ፦ «አግቢውና ቤትሽ ገብተሽ ተናደጂበት! እዚህ ሥራ አታስፈቱኝ!»

አገባሁት። ዛሬም እናደድበታለሁ፤ እሱም ቁጭ ብሎ ይሰማኛል።