ሟች ያልቃኙት ክራር

ኣቦይ ጸሃየ ክራራቸውን እንደታቀፉ ወንበራቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ጎረቤት ሁሉ «ታድለው! እየዘፈኑ ነፍሳቸው ወጣች» አለ። ሐኪሙ ግን ከንፈራቸውን ገለጥ አድርጎ የትራስ ጥጥ አወጣ። «ታፍነው ነው» አለ፤ በቃ።

መርማሪው መቶ አለቃ ኪዳኑ መቀመጥ የሚባል ነገር አይሆንለትም። አንድ ነገር ሲከነክነው እግሩን ይበላዋል። ያቺን የአስመራ ሓዝሓዝ ሰፈር ጠባብ ክፍል ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለስባታል፤ ሽማግሌውን ሊቀርጹ በመጡት የቴሌቪዥን ሰዎች ሽቦ ይደናቀፋል፤ ይራገማል፤ ደግሞ ይዞራል።

«ምን ያዞርሃል?» አለው አለቃው ሻለቃ ባፈና፣ በሩ ላይ ቆሞ። «ከዘፈኑ በኋላ የገባችው ልጅቷ ብቻ ናት። ይዘናት እንሂድና ይለቅልን። አዲስ አበባ እየደወለ ነው።»

ልጅቷ ኣብርሄት ናት፤ ሟቹና ቀድማቸው ያረፈችው ሚስታቸው ለተሰንበት ከሕፃንነቷ ያሳደጓት። እጇ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ቆማለች። አባት ገደለች ከተባለች ገመድ ነው የሚጠብቃት፤ ኪዳኑም ይህን ስለሚያውቅ ነው የሚቅበጠበጠው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አሳምነው የሚባል አዘጋጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ስለ ጥበብ ፋና ወጊዎች የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ይሠራል። አስመራ ውስጥ ማንም የማያየው ፊልም መሆኑን ማን ይንገረው! ጠዋት ሽማግሌው ዘፈኑ፤ ባለሙያው ደርበው ድምፁን በቴፕ ቀዳ። ለምሳ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተቀመጡ፤ ሽማግሌው ግን ልረፍ ብለው ቀሩ። ደርበው ገብቶ ፓውዛውን አጥፍቶ ወጣ። ከዚያ ተመልሶ የሚባለው ሰው ገባ። ተመልሶ ማለት የዛሬው ስመ ጥር ዘፋኝ፣ ያኔ በኣቦይ ጸሃየ እጅ ያደገው፣ ስለ መምህሩ እንዲመሰክር የተጋበዘው ሰው ነው። ቆየት ብሎ ወጣ፤ ወደ መሶቡ ቀርቦ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ የሽማግሌው ክራርና ድምፅ ከክፍሉ ተሰማ። ዘፈኑ ሲያልቅ ኣብርሄት ሻሂ ይዛ ገባች፤ ጮኸች።

«ጓለይ፣ ልጄ» አላት ኪዳኑ ቆም ብሎ፣ «አባትሽ ተጫውቶ ሲጨርስ ክራሩን ምን ያደርገዋል?»

«ጅማቱን አላልቶ ይሰቅለዋል። ሳያላላ አስቀምጦ ኣያውቅም።»

ኪዳኑ ጅማቱን ነካ አደረገው። ክርር ብሏል።

ወደ ደርበው ዞረ። ልጁ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

«አንተ፣ ቴፑን እንዴት ነበር የተውከው?»

«ወደ መጀመሪያው ጠምጥሜ ነበር፣ መቶ አለቃ። አሁን ግን... እስከ ጫፉ ሄዷል።»

«ታዲያ አፍህን ምን ለጎመው?»

«እኔን ነው የሚይዙኝ ብዬ ፈራኋ!»

«መጀመሪያው ላይ ምን አለበት?»

«ጸጥታ። ከዘፈን በፊት የክፍሉን ጸጥታ ለብቻው እቀዳለሁ፤ ፊልሙን ስንቀጥል ክፍተት እንሞላበታለን።»

ሻለቃው ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ አለ። «በል ይኸው! እሱን እሰረው!»

«ጌታዬ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ ኪዳኑ። አሳምነውን ወደ ጎን ሳበው። «ከምሳ በኋላ ምን ልትቀርጹ ነበር?»

«ተመልሶን ያስጠራውን ዜማ ማን እንደሠራው እነግራችኋለሁ ብለው ነበር። ተመልሶ ራሱ አጠገቤ ሆኖ ሰምቷል።»

«እሱ ውስጥ ሳለ የሰማችሁት ነገር አለ?»

«ሽማግሌው ክራር ሲቃኙ ብቻ።»

ኪዳኑ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበ። ክራሩን አንሥቶ ለተመልሶ ሰጠው። «ኣያ ተመልሶ፣ መምህርዎ ናቸው። አንድ ስንኝ የኀዘን አይሉላቸውም?»

ዘፋኝ በሰው ፊት ሲለመን እምቢ ይላል እንዴ! ዐይኑን ጨፈነ፤ መታው፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ኮለል አለ። ኣብርሄት ሳትቀር አለቀሰች።

«የቐንየለይ» ብሎ አመሰገነ ኪዳኑ። «ደርበው፣ ቴፑን ወደ መጀመሪያው ጠምጥመህ ክፈት።»

ረጅም ጸጥታ ሆነ። ቀጥሎ ያው ክራር ተሰማ፤ ግን ወፍራም፣ ዝቅ ያለ።

«ምሳ ላይ የሰማችሁት ይህንን ነው» አለ፣ አሁንም እየተመላለሰ። «ኣቦይ ጸሃየ ያኔ ሞተው ነበር። ገዳዩ ጠዋት ሲቀዳ አይቷልና ቴፑን ከፈተ፤ ጸጥታው እስኪያልቅ ወጥቶ ተቀመጠ። ክራሩን ግን ላልቶ ነው ያገኘው። ላልቶ ቢተወው፣ ሽማግሌው ሲዘፍኑ ነበር ቢባል ማን ያምናል? ስለዚህ ቃኘው። ሲቃኝም ሰማችሁ፤ ሽማግሌው መሰሏችሁ።»

«ራሳቸው ቃኝተውት ቢሆንስ?» አለ ሻለቃው።

«ጥርሱ ካለቀ ወዲህ ድምፁ ወርዷል» አለች ኣብርሄት። «ዝቅ አድርጎ ነው የሚቃኘው።»

«ሰማችሁ? ክራር የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ ነው። የተቀመጠ ጅማት ይላላል እንጂ በገዛ እጁ አይከርም። ደርበው ሽቦ እንጂ ክራር አያውቅም፤ ኣብርሄት የገባችው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው። ኣያ ተመልሶ ግን አሁን አንዲት ጅማት ሳያስተካክሉ ዘፈኑ፤ ልክዎ ሆነ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ እጅዎ ለራስዎ ድምፅ ቃኝቶት ኖሯል።»

ተመልሶ ክራሩን እንደ ፍም ከእጁ ጣለው። መሬት ተቀመጠ።

«ዜማው የለተሰንበት ነው» አለ። «ሓቂ ነው። ሃያ ዓመት በሰው ዜማ ከበርኩ። ሌባ ተብዬ በቴሌቪዥን ከምታይ ብዬ ነው።»

ካቴናው ከኣብርሄት እጅ ወልቆ በተመልሶ እጅ ላይ ገባ። ሲወስዱት አጠገቧ ደርሶ «ይቅር በይኝ፣ ጓለይ» አላት።

ኣብርሄት የቆሰለ አንጓዋን እያሸች አየችው።

«ዛሬ ጠዋት ልብሱን ሳለብሰው ነገረኝ» አለች። «‹ዜማውን ለተሰንበት እንደሠራችው ይታወቅላት። ተመልሶ ግን አልሰረቀም፤ እኔ ነኝ ወድጄ የሰጠሁት እላለሁ፤ ልጄ ነው፣ በሰው ፊት ኣላሳፍረውም› ኣለኝ።»

ተመልሶ በታሰሩ እጆቹ ፊቱን ሸፈነ። ወታደሮቹ ደግፈው ወደ ማኪናው ወሰዱት። ኪዳኑ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።