የመደምሰስ ፈቃድ

ሙባረካ ስክሪኑ ላይ የመጣውን ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። «412 ተደጋጋሚ የድምፅ ፋይሎች ተገኝተዋል። በቋሚነት ይደምሰሱ?» ከሥሩ ሁለት ምርጫ አለ፤ «ፍቀድ» እና «ከልክል»። የምሳ ሰዓት ስለሆነ በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የለም። በመስኮቱ በኩል የክበብ ጓደኛዋ የፀጋ ሳቅ ይሰማል። ነገሩን ያባሰው ያ ሳቅ ነው።

እስካለፈው ወር ድረስ የትምህርት ቤቱ የቋንቋ ክበብ ድምፆች ባለቤት ሙባረካ ነበረች። የሾማት የለም፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኳን ይዛ ከዋጫ እስከ ቢታ ገነት በሚኒባስ እየተንገላታች የካፊኖኖ ቃላትን ከሽማግሌዎች አፍ የቀዳችው እሷ ናት። የቤቷ ቋንቋ አይደለም። አባቷ አቶ ሰማን ከስልጤ መጥተው ቦንጋ ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው፤ እሷም ካፊኖኖን የለቀመችው ስኳርና ሳሙና ሊገዙ ከሚመጡ ደንበኞች ነው። ለዚህም ይሆናል ለእያንዳንዷ ቃል የምትሰስተው።

ከዚያ ፀጋ መጣች። ካፊኖኖ የእናቷ ቋንቋ፤ ኮምፒውተሩን ደግሞ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብላ ፋይል የሚለይና የሚደረድር የኤአይ ኤጀንት የሚሉትን ፕሮግራም አስገባች፤ ልጆቹ «ቀልጣፋው» አሉት። ሙባረካ ሁለት ዓመት የደከመችበትን ክምር በአንድ ሳምንት መልክ አስያዘው። ዓርብ ለሚመጡት የዞን እንግዶች ማን ያስረዳ ተባለ? ፀጋ። ሙባረካ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች፤ ከዚያ ወዲህ ግን የፀጋን ሳቅ መስማት ጠላች።

የክበቡ ኃላፊ መምህር ፍቃዱ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። «ቀልጣፋው ያንብብ፣ ይደርድር» ብለው ነበር። «መደምሰስ ግን ሰው ካልፈቀደለት አይችልም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ፈቃዱ ሙባረካ ጋ ይሁን፤ ድምፆቹን እንደሷ የሚያውቃቸው የለም።» ክብር መስጠታቸው ነበር። ለሙባረካ ግን የዘበኛ ሹመት መሰላት፤ አንዷ መድረክ ላይ፣ ሌላዋ በር ላይ።

ዝርዝሩን ከፈተችው። «ማር 1፣ ማር 2፣ ማር 3…» ወዲያው ገባት። ክበቡ አንዱን ቃል ከዋጫ፣ ከሺሺንዳና ከቢታ ገነት ሰዎች ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ አነጋገሩ ከቦታ ቦታ ይለያያላ! የትኛው ከየት እንደሆነ ግን የተጻፈው በሙባረካ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ፀጋ ደብተሩን ሁለት ጊዜ ጠይቃት ሙባረካ «ነገ አመጣዋለሁ» ብላታለች። ያ ነገ እስካሁን አልመጣም። ስለዚህ ፀጋ ምንም ሳታውቅ «ተደጋጋሚውን አጽዳ፣ አንድ አንድ አስቀር» ብላ አዘዘች፤ ቀልጣፋውም ሥራውን ቀጠለ።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ማር 3»ን ከፈተች። አቶ ገብረወልድ ናቸው፤ የዋጫው ቀፎ ሰቃይ። መጀመሪያ ሳል፣ ከዚያ ቃሉ፣ ከዚያ «ልጄ፣ ሰማሽኝ?»። ሽማግሌው ከፋሲካ በኋላ አርፈዋል። ሙባረካ ቅጂውን ቦታ እንዲለቅላት ብላ ከስልኳ ላይ አጥፍታዋለች፤ አሁን ድምፃቸው ያለው እዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

የማውሱን ቀስት ወደ «ከልክል» ወሰደችው። ያን ጊዜ ፀጋ እንደገና ሳቀች።

ብትፈቅድስ? ዓርብ እንግዶቹ «እስቲ የሺሺንዳውን አሰሙን» ሲሉ ፀጋ ምን ልትል ነው? ትዕዛዙ የእሷ ነው። ሙባረካ «ተደጋጋሚ መስሎኝ» ብትል ይበቃታል፤ ማን ይጠረጥራታል? ቀስቱ «ፍቀድ» ላይ ቆመ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ቅጽበት ደስ ብሏት ነበር።

ማጫወቻው ግን ወደ ሽማግሌው ቀጣይ ቃል አለፈ። ሳል፤ ቃል፤ «ልጄ፣ ሰማሽኝ?» ያን ቀን ስልኩን ዘርግታላቸው የነበረችው እሷ ናት። ሽማግሌው የሚጠይቁት ፀጋን ሳይሆን እሷን ነው። «ከልክል»ን ጫነችው።

በሩ ተከፍቶ ፀጋ ገባች፤ መምህር ፍቃዱም ከኋላዋ ነበሩ።

«ሙቤ፣ ፈቀድሽለት?»

«አልፈቀድኩም። ድግግሞሽ አይደሉም፤ የሦስት ቦታ ሰዎች ናቸው» አለች ሙባረካ፣ ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ እየሰጠቻት።

ፀጋ ገጾቹን ገለጠች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ወይኔ! ልፈጃቸው ነበር በይኛ! በናትሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ዓርብ ሼም ተከናንቤ ነበር!» ብላ አንገቷን አቀፈቻት።

«ይኸው!» አሉ መምህር ፍቃዱ። «ፈቃዱን ለሙባረካ የሰጠሁት ለዚህ ነው።»

ወር ሙሉ የናፈቀችው ሙገሳ መጣላት። እንደማይገባት ግን ታውቃለች።

«ቲቸር፣ ፈቃዱ እኔ ጋ ብቻ አይሁን። ሁለት ሰው ካልተስማማ ምንም አይደምስስ።»

«ለምን? እኔ እኮ አምንሻለሁ።»

«ልፈቅድለት ነበር» አለች ሙባረካ። «አውቄ። ዓርብ እንድትዋረድ ብዬ።»

የፀጋ ክንድ ከአንገቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። መምህር ፍቃዱ ወንበር ስበው ተቀመጡና የፈቃድ ማስተካከያውን ከፈቱ።

«የሁለተኛዋ ፈቃጅ ስም ማን ይባል?»

ፀጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ፀጋ ወልደ ጊዮርጊስ» አለች ሙባረካ።