የአቶ አሻግሬ መጽሐፍ፣ ሁለተኛ እትም

«መጽሐፌ አልተሳሳተም። የተሳሳተው መኪናው ነው» አሉ አቶ አሻግሬ፣ ወረቀቱን ከአዲሱ የጽሕፈት መኪና እየመዘዙ።

ወረቀቱ ላይ አንድም የሚነበብ ቃል አልነበረም። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ወሰንየለሽ ግን ሳቅ አልመጣላትም፤ አባቷ ናቸው።

አቶ አሻግሬ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ታይፕ ያስተምራሉ። የትኛው ፊደል በየትኛው ጣት እንደሚመታ የሚያሳይ ባለ አርባ መልመጃ መጽሐፍ ጽፈው፣ በስቴንስል፣ በሰም በተቀባ የማባዣ ወረቀት፣ አባዝተው፣ ከአምቦ እስከ እንጭኒ ስንቱን ሥራ አስይዘዋል። ወሰንየለሽ መሥሪያ ቤት ሄዳ «የአሻግሬ ልጅ ናት» ሲባል ቁመቷ የሚጨምር ይመስላታል። ባለፈው ሳምንት በመጣው መኪና ላይ ግን የፊደሎቹ ቦታ ተቀያይሯል። ከወር በኋላ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሊቀጥር የሚፈትነውም በዚሁ ዓይነት መኪና ነው።

እሷ ነገሩ የገባት በመጀመሪያው ቀን ነበር። አራት ቀን ከትምህርት በኋላ እየቀረች መልመጃዎቹን አንድ በአንድ ለአዲሱ መኪና እንዲሆኑ አድርጋ በደብተር ጻፈቻቸው። ደብተሩን ያየው የክፍል ጓደኛዋ ባይሳ ብቻ ነው።

«ይሄማ ወርቅ ነው» አላት። «ስጪንና በድብቅ እንለማመድበት። ኦቦ አሻግሬን ለምን እናስቀይማለን?»

ቀላል መንገድ ነበር። እሳቸው አይከፉም፣ ክፍሉም ያልፋል። መጽሐፉ የደረሳቸው የእንጭኒ ልጆችስ? በአሮጌው መጽሐፍ ተለማምደው መጥተው ሊወድቁ ነው፤ ከዚያ በአባቷ ስም ሊሳቅ ነው።

«እሳቸው ሳያውቁማ አይሆንም» አለችው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ደብተሩን አባቷ ፊት አኖረች።

«ምንድን ነው?»

«የእርስዎ መጽሐፍ ነው፣ አባባ። ለአዲሱ መኪና አርሜው ነው።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

መነጽራቸውን አደረጉ። አንድ ገጽ ገለጡ፣ ደገሙ። ጣቶቻቸው ባዶውን ጠረጴዛ መምታት ጀመሩ። ወሰንየለሽ መቀመጥም መቆምም አቃታት።

«አሥራ ሁለተኛው መልመጃ ትንሿን ጣት ይገድላል፤ ለሁለት ክፈዪው» አሉ በመጨረሻ። ደብተሩን ዘጉና እንደገና ከፈቱት። «ሌላውን እኔም እንዲህ አሳምሬ አልሠራውም ነበር።»

ሰኞ ክፍል ሲገቡ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ «ልጄ አርማኛለች፤ የድሮውን አስቀምጡት» አሉ። ወሰንየለሽ ፊቷ ጋለ፤ ደስታው ግን ከእፍረቱ በለጠ።

አዲሱን ስቴንስል የመታችው እሷው ናት። ሽፋኑ ላይ የአባቷን ስም ጻፈች። እሳቸው እንዳዘዟት ከሥሩ «አራሚ፦ ወሰንየለሽ አሻግሬ፣ ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.» ብላ ጨመረች። ጥቂት አሰበችና አንድ መስመር ወርዳ «አራሚ፦» ብላ ቦታውን ክፍት ተወችው።

«ይሄኛውስ ስም የለውም?» አለ ባይሳ በትከሻዋ አሻግሮ እያየ።

«ሌላ መኪና ሲመጣ ይሞላል» አለችና ሁለተኛውን ስቴንስል መኪናው ውስጥ አስገባች።