ከጉሎው ጀርባ

የአጥሩ ቀዳዳ መጀመሪያ የውሻው ነበር። አለቃ የሚባለው ቡናማ ውሻ በዚያ ሾልኮ ጎረቤት ካለው አናጺ ግቢ ገባና ሜትር በአፉ ይዞ ተመለሰ። ከእናቷ ጋር የምትኖረው የውሻው ባለቤት፣ ልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ሜትሩን ልታቀብል ጎንበስ ስትል፣ አናጺውም በወዲያ በኩል ጎንበስ ብሎ አገኘችው።

«ሌባ ነው ያሳደግሽው» አላት።

«እኔም እኮ የምኖረው በሜትር ነው። ቤተሰቡን ሊረዳ ፈልጎ ይሆናል።»

ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ በቀዳዳው ማውራት ለመዱ።

«ለምን በበር አትመጣም?» አለችው አንድ ቀን።

«ያለችኝ አንዲት የኪራይ ክፍል ናት፤ እሷም ግማሿ እንጨት ነው። እናትሽ ምን ይዘህ መጣህ ቢሉኝ፣ ሳንቃ ልበል?»

እናትየው ከመስኮታቸው አይጠፉም ነበር። ስለዚህ አናጺው እጁን በቀዳዳው አሾልኮ በእሷ ግቢ በኩል ጉሎ ተከለ። ጉሎ ቶሎ ያድጋል፤ ቅጠሉም ጃንጥላ ያህላል። ክረምቱ ሳይወጣ ሁለቱንም ከመስኮቱ ጋረዳቸው። እናትየው እንኳ ራሱን ችሎ የበቀለ መስሏቸው «ሲያምር!» እያሉ ውኃ ያጠጡት ነበር።

አንድ ጠዋት አለቃ መነሳት አቃተው። ያስመልሰዋል፤ ደም ይቀላቅላል። ሟቹ ባላቸው በኮታቸው ውስጥ ሸሽገው ያመጡት ቡችላ ነበርና እናትየው ጭንቅላቱን ታቅፈው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ምን በላ?» አለ ሊያየው የመጣው የእንስሳት ሐኪም።

«ሰው ነው መርዝ የጣለለት!» አሉ እናትየው።

«ምኑን እንደበላ ካላወቅሁ በግምት ነው የማክመው።»

በዚህ መሃል የውጭው በር ተንኳኳ። ልጅቷ ስትከፍት አናጺው ቆሟል፤ ፊቱ እንደ አመድ ነጥቷል። በመዳፉ ላይ የታኘከ ዝንጉርጉር ፍሬ ነበር።

«በአጥሩ በኩል ሰምቻችሁ ነው። ዶክተር፣ የበላው ይሄን ነው። ቅርፊቱ አጥሩ ሥር ተበትኗል።»

ሐኪሙ ፍሬውን አገላብጦ አየ። «ጉሎ! ፍሬው ለውሻ ክፉ መርዝ ነው። እንኳን ደረስክ» አለና ወደ ግሉኮሱ ዞረ።

እናትየው ቀና አሉ። «ራሱን ችሎ የበቀለ አልነበረም እንዴ?»

«የተከልኩት እኔ ነኝ፣ እማማ። መርዝ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

«በእኔ ግቢ? ለምን?»

ልጅቷ ከአናጺው አጠገብ መጥታ ቆመች።

«እንዳታዪን ብለን ነው፣ እማ።»

እናትየው ሁለቱን በየተራ አዩ። «ውኃ ያጠጣሁት ደግሞ እኔ!» አሉና ፊታቸውን ወደ ውሻው መለሱ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱንም አኮረፏቸው። አናጺው ግን ጠዋትና ማታ በበር እየመጣ ውሻውን ደገፍ አድርጎ ያስታምም ነበር። አንድ ቀን አለቃ ከአናጺው መዳፍ ላይ ውኃ ላሰ። ጭራውም በዝግታ ወለሉን መታ።

«አንተ አናጺ!» አሉ እናትየው ከመስኮቱ።

«አቤት፣ እማማ።»

«የዚያን ጉሎ ሥር አስቀርተህ እንዳይሆን።»

«ያኔውኑ ከነሥሩ ነቅዬዋለሁ።»

«ቀዳዳውንም ድፈነው።»

የልጅቷ የስፌት መኪና ቆመ። አናጺው አንገቱን ደፋ።

«እሺ። በምን ልድፈነው?»

«አናጺ አይደለህ እንዴ? በር ሥራበት! ከፍ አድርገው ታዲያ፤ አማት አጎንብሳ አትገባም።»

አለቃ እየተንገዳገደ ተነሳና በቀዳዳው ሾለከ። ሲመለስ ሜትሩን በአፉ ይዞ ነበር።