በተሳሳተው ቀን የደረሱት

እኔ ጂን፣ መንፈስ፣ ጥላ የሚባል ነገር ሲወራ ሻይዋን ይዛ ወደ ሌላ ወንበር የምትሄድ ሴት ነኝ፣ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ፣ አያት ኮንዶሚኒየም እኛ ብሎክ ላይ አንዷ ጎረቤታችን "ባዶው ቤት ውስጥ ሰው ሲንጎራደድ ሰማሁ" ብላ ሕንፃውን ስታምስ "ቧንቧ ነው፣ ሠራተኛ ጥሪ" ያልኳት እኔ ነኝ፣ ደግሞም ቧንቧ ነበር። ስለዚህ ይቺ ሴትዮ ድሮም እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለች እንዳትሉኝ፣ ወላሂ አልወድም፣ ባይደርስብኝ ደስታዬ ነበር።

ሥራዬ ለሰው መንገድ ማቀድ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ የጉዞ ቢሮ ውስጥ፣ ቱሪስቶች በየት በኩል እንደሚሄዱ፣ የት ምሳ እንደሚበሉ፣ የት እንደሚያድሩ ቀን በቀን አወጣለሁ፣ በዚህ ነገር ደግሞ ትንሽ ጉረኛ ነኝ፣ አልደብቃችሁም። ወንድሜ ሰይድ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ነው፣ ደንቨር ሥራ አግኝቶ ከሚስቱና ከአራት ዓመት ልጁ ከሙኒራ ጋር ጓዙን ጭኖ በመኪና ሊሄድ ሲዘጋጅ፣ እናታችንም በዚያው ሰሞን ልትጠይቃቸው ቪዛ አግኝታ ነበር። "እማን ይዘናት አገሩን እያሳየናት በአራት ቀን ቀስ ብለን እንሂድ፣ ፕላኑን አንቺ ሥሪው፣ ፕሮፌሽናሏ አንቺ ነሽ" አለኝ። እማ የልጅ ልጇን ከስልክ ስክሪን ላይ በቀር አይታት አታውቅም፣ እና ይሄ ጉዞ ለሷ ምን ማለት እንደነበረ እናንተው አስቡት።

ከመግሪብ ሰላት በኋላ ላፕቶፑን ከፍቼ እማን አጠገቤ አስቀምጬ መንገዱን እያሳየኋት እሠራለሁ፣ ስክሪኑ ላይ አዮዋን አልፈን ነብራስካ የሚባለው ግዛት ስንገባ ከበቆሎ በቀር ምንም የለም፣ በቆሎ፣ ሰማይ፣ ከዚያ ደግሞ በቆሎ። "ይሄ ሁሉ እርሻ፣ አራሹ የታለ?" አለችኝ።

"በማሽን ነው የሚያርሱት እማ።"

"እና ቢቸግረን ማንን ልንጣራ ነው?"

ሳቅኩባት። ሦስተኛው ቀን ጁምዓ ነው፣ ኦማሃ ላይ ይሰግዱና ከሰዓት ተነስተው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ያለች ሞቴል ይደርሳሉ ብዬ ነበር ያቀድኩት። የሞቴሏን ፎቶ ሳሳያት እማ መነጽሯን አድርጋ አተኩራ አየችው፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ በሮች፣ ከፊታቸው ባዶ የመኪና ማቆሚያ፣ አንድ አምፖል።

"ዘይኑ፣ እዚህስ ባናድር።"

"ምኑ አስጠላሽ?"

"በሩ በዛ፣ ሰው የለበትም።"

ሌላ ማደሪያ በአካባቢው ስለሌለ ዝም ብዬ ያዝኩት። እንዲያው ምን አለ ብሰማት ኖሮ።

አሁን ሰኔ 28 ወደሚባለው ቀን ልውሰዳችሁ። ቢሮ መብራት ስላልነበረ ከቤት እየሠራሁ ነው፣ ውጪ ዝናቡ ይወርዳል፣ እማ በሚቀጥለው ሳምንት ስለምትበር ሻንጣዋ ሳሎን መሀል ተከፍቷል። ጠዋት ለሰላት በምትታጠብበት በውዱእ ማንቆርቆሪያዋ ተጨቃጭቀናል፣ አረንጓዴ ፕላስቲክ ናት፣ እጀታዋ ተሰብሮ እማ በቀይ ክር ጠምጥማ አስራዋለች፣ "እማ፣ አሜሪካ ውሃ መቅጃ አያጡም" ስላት "በሱ ካልሆነ ልቤ አያርፍም" ብላ ሻንጣው ውስጥ ሻጠችው፣ ከዚያ ለዙህር ሰላት ውዱእ ልታደርግ መልሳ አወጣችው። ይሄን ጭቅጭቅ ከእኔና ከእሷ በቀር የሰማ ፍጡር የለም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ኢሜይሌን ስከፍት ከሞቴሏ የመጣ መልእክት አገኘሁ፣ "ዛሬ እንጠብቅዎታለን" ይላል። ደነገጥኩ፣ ከዚያ ስህተቴን አየሁትና አፈርኩ። ሞቴሏ ጋ የሚያድሩት ሐምሌ 5 ነው፣ እኔ ደግሞ በፈረንጅ ቀን መሙላት ሲገባኝ ጁላይ 5 ብዬ ሞልቼዋለሁ፣ በእነሱ ጁላይ 5 ማለት በኛ ሰኔ 28፣ ያው ዛሬ ነው፣ ሳምንት ቀድሜያለሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ የመድረሻ ሰዓቱን "3" ብዬ በኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፣ እነሱ ዘንድ ይሄ በኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። በየቀኑ ለቱሪስት "ተጠንቀቁ፣ የኛ ሰዓትና ቀን ይለያል" እያልኩ የማስጠነቅቀው ሰው እኔ ነኝ እኮ።

ይቅርታ ጠይቄ ቀኑን ላዛውረው ብዬ በኢንተርኔት ደወልኩ። እዚያ ገና አልነጋም፣ ግን ወዲያው ተነሳ፣ ሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። ስሜን ነገርኩት፣ ቀን ተሳስቻለሁ፣ እንግዶቹ ዛሬ አይመጡም አልኩት።

"መጥተዋል እኮ" አለኝ።

"ማን?"

"እንግዶችሽ ናቸዋ። ልክ በሦስት ሰዓት፣ እንደጻፍሽው። ከመጡ አንድ ሰዓት ተኩል ሆናቸው። ባልና ሚስት፣ አባቷ ትከሻ ላይ የተኛች ሕፃን፣ እና አንዲት አሮጊት። ክፍል ስድስት ሰጥቻቸዋለሁ።"

ሌላ ቤተሰብ ይሆናል አልኩት። እሱም ሳቅ አለና "አሮጊቷ ማንቆርቆሪያ ይዘዋል፣ አረንጓዴ፣ እጀታው በቀይ ክር የታሰረ፣ እኔ አበባ የሚያጠጡበት መስሎኝ ነበር" አለኝ።

ዞር ብዬ ሳሎን መሀል የተከፈተውን የእማን ሻንጣ አየሁ።

"ክፍሉ ጋ ላገናኝሽ?" አለኝ፣ እሺም እንቢም ሳልል ስልኩ መጥራት ጀመረ፣ ሁለት ጊዜ ጠራ፣ ተነሳ። የሚያወራ ሰው የለም። ዝናብ ይሰማኛል። ከዚያ ከዝናቡ መሀል፣ በጣም ከሩቅ፣ "ቆራሌው!" የሚል ጥሪ ሰማሁ፣ ነብራስካ ውስጥ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ቆራሌው! ቀጥሎ ውሃ በቀስታ ሲንቆረቆር ሰማሁ፣ ቀጥሎ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ያንን አጠራረግ ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ፣ ከዚያ ልክ ጆሮዬ ሥር፣

"ዘይኑ፣ አብሽሪ። ደርሰናል" አለችኝ።

ተቋረጠ።

ስልኩ ገና ከጆሮዬ አልወረደም። ጥቂት ቆይቶ፣ እስትንፋስ ሁለት ሦስቴ የምታወጡበት ጊዜ ቢሆን ነው፣ ከመስኮታችን ሥር አንድ ሰው "ቆራሌው!" ብሎ ተጣራ። ከመታጠቢያ ቤት ውሃ መንቆርቆር ጀመረ። እማ ጉሮሮዋን ጠረገች። እኔ በሩ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀጣዩን እጠብቃለሁ፣ እማ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ወጣችና ፊቴን አይታ ቆመች።

"ዘይኑ፣ አብሽሪ" አለችኝ። "ምን ሆነሽ ነው?"

ደርሰናል አላለችም። ያን ብቻ አላለችም።

ሰይድን ቀሰቀስኩት፣ ሚኒያፖሊስ ቤቱ ተኝቷል፣ ሚስቱም ልጁም አጠገቡ ናቸው፣ "ለቀን ስህተት ነው በዚህ ሰዓት የምትቀሰቅሽኝ?" ብሎ ተቆጣኝ። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ፣ እኔ ዘይነባ ምን ብዬ ልንገረው? በማግስቱ ቀኑን ላስተካክል ብሎ እሱ ራሱ ወደ ሞቴሉ ደውሎ ነበር፣ የሚያነሳ የለም አለኝ።

ከዚያ የሠራሁትን ሥራ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እማ እዚያ ከደረሰች አትመለስም ብዬ ፈርቼ ጉዞዋን አስቀረሁት። ለእሷ "ሰይድ ቤት አላገኘም፣ እስኪደላደሉ ቆዪ" አልኳት፣ ለእሱ "ጉልበቷ ብሶባታል፣ ሐኪም መንገድ ከልክሏታል" አልኩት። እነሱ እኔ ባወጣሁት ሌላ መንገድ በሰላም ገቡ፣ አልሐምዱሊላህ። እማ ሻንጣዋን አንድ በአንድ ፈታች፣ ለሙኒራ የሰፋችላትን ቀሚስ ብቻ አጥፋ ትራሷ ሥር አስቀመጠችው፣ እስካሁን እዚያው ነው፣ ቪዛዋም ጊዜው አለፈ። አልጋዋን ባነጠፍኩ ቁጥር ያንን ቀሚስ አየዋለሁ፣ ግን ከሞት አድኛታለሁ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ሰባት ወር ሲሞላው ኢሜይል መጣልኝ፣ ከዚያው ሞቴል። እንዳለ ልንገራችሁ። "ውድ ዘይነባ፣ ወጣቶቹ ቀድመው ሄደዋል፣ አሮጊቷ ግን እስካሁን ክፍል ስድስት ብቻቸውን ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ወጡ። መኪና ልጥራልዎት ስላቸው በእግሬ ይሻለኛል አሉኝ፣ ልጄ ጋ ነው የምሄደው ብለዋል። ማንቆርቆሪያቸውን ረስተዋል፣ የት እንላክላቸው?"

ይሄን ሳነብ ከመታጠቢያ ቤት ውሃ ሲንቆረቆር ይሰማኛል፣ እማ ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ውዱእ እያደረገች ነው፣ በአረንጓዴዋ ማንቆርቆሪያ። መልስ አልጻፍኩም።

የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። እማ ጉልበቷ ስለሚያማት ፎቅ ስትወጣ በየደረጃው "ቢስሚላህ" ትላለች፣ ከታች ጀምሮ ስትመጣ ቤት ውስጥ ሆኜ እሰማታለሁ፣ ዓመታት የለመድኩት ድምፅ ነው። ከኢሜይሉ ወዲህ አንዳንድ ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ እማ ሶፋው ላይ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሳለ፣ ያንን "ቢስሚላህ" ከደረጃው እሰማዋለሁ። ድምፁ ደክሞታል። ቴሌቪዥኑን ከፍ አደርጋለሁ፣ እማ ግን ጆሮዋ አይስትም፣ ቀና ትልና "ዘይኑ፣ ሰው እየመጣ ነው፣ ከፎቁ ጋር እየታገለ ነው መሰለኝ፣ ወርደሽ አግዢው እንጂ" ትለኛለች።

አልወርድም። መጀመሪያ ሰሞን ሁለተኛው ፎቅ ጋ ነበር የሚቆመው። ትናንት ሦስተኛውን አልፏል።